ውሻ ስለማንሸራሸር ጠይቁኝ፦ የአንገት ማሰሪያ፣ የደረት ማሰሪያ፣ ገመድ

ጥያቄ፦ የአንገት ይሻላል የደረት?

የማይጎትት ውሻ ከሆነ ጠፍጣፋ የአንገት ማሰሪያ ይበቃዋል። የሚጎትት ከሆነ ግን ጉሮሮውን ያንቀዋል፤ የደረቱን ግዛለት። እንደ ፐግ ያሉ አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾች ድሮም ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ለእነሱ የአንገቱን አላስበውም።

ጥያቄ፦ የደረቱን ገዛሁለት፣ ጭራሽ ባሰበት! እንደ በሬ ነው የሚጎትተኝ።

ገመዱን ጀርባው ላይ ካለው ቀለበት ጋር ነው አይደል የምታያይዢው? እሱማ እንዲጎትት አመቻችተሽለታል። የጋሪ ፈረስስ በምን ይጎትታል? በደረቱ። ከፊት፣ ደረቱ ላይ ቀለበት ያለውን ፈልጊ፤ ሲጎትት ወደ አንቺ ያዞረዋል። ዕቃው ብቻውን ግን አያስተምርም። ሲጎትት ቀጥ በይ፣ ገመዱ ሲላላ ሂጂ። የመጀመሪያው ሳምንት ያሰለቻል፤ የትም አትደርሱም።

ጥያቄ፦ ልኩን በምን አውቃለሁ?

በማሰሪያውና በአንገቱ መሃል ሁለት ጣት ይግባ። ከዚያ ከሰፋ፣ የደነገጠ ቀን ወደ ኋላ አፈግፍጎ ጭንቅላቱን ሾልኮ ያወጣል። እንደ ግሬይሃውንድ አንገታቸው ከጭንቅላታቸው የሚወፍር ውሾች ደግሞ በሁለት ጣትም ያመልጣሉ። ለእነሱ ሲጎተት በመጠኑ ብቻ የሚጠብቀው፣ ማርቲንጌል የሚባለው አለ። የደረት ማሰሪያ ከሆነ ቤት ስትገቡ አውልቁለትና ብብቱን ፀጉሩን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። ከቀላ ወይም ፀጉሩ ከሳሳ እየፈተገው ነው። ቡችላ ቶሎ ስለሚያድግ በየሳምንቱ ለኩት።

ጥያቄ፦ እየተዘረጋ መልሶ የሚጠቀለለው ገመድስ?

አልወደውም። አንዴ መያዣው ከእጄ አመለጠኝ። ፕላስቲኩ አስፋልቱን እየደበደበ ውሻዬን ከኋላ ተከተለው፤ እሱ በሮጠ ቁጥር ያም አብሮት ይሮጣል። ጎረቤት አጥር ስር ተወሽቆ ሲንቀጠቀጥ አገኘሁት። ከዚያ በኋላ ገመድ ባየ ቁጥር አልጋ ስር መግባት ጀመረ። ቀጭኑ ክር ደግሞ እጅ ላይ ከተጠመጠመ ቆዳ ይልጣል። ከ1.5 እስከ 2 ሜትር የሆነ ተራ ገመድ ያዙ።

ጥያቄ፦ ሜዳ ላይ እንዲሮጥ 10 ሜትር ገመድ ብጠቀምስ?

ጥሩ ነው፣ ግን ከደረት ማሰሪያ ጋር ብቻ። በሙሉ ፍጥነት ሮጦ ገመዱ ሲያልቅበት ግጭቱን አንገቱ መሸከም የለበትም።

ጥያቄ፦ ሾህ ያለው ማሰሪያስ?

አይሆንም። የሚጎትተው ስላልተማረ እንጂ ስላላመመው አይደለም።