ሽሪምፕ በራይስ ፔፐር፦ ለምን ይቀደዳል? ለምንስ ይጣበቃል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጆቼ ዲም ሰም ቤት (ትንንሽ የቻይና ምግቦች የሚቀርቡበት) ሄደን ከቀመሱት ሁሉ የወደዱት ያንን ለስላሳ ነጭ የሩዝ ጥቅል ነው፤ ውስጡ ሽሪምፕ (ትንሽ የባሕር እንስሳ) ያለውን፣ ጣፈጥ ያለ ሶይ ሶስ የሚፈስበትን። ዱቄቱን በጥብጦ ከመጀመሪያው መሥራት ከበደኝ። በራይስ ፔፐር፣ ማለትም ከሩዝ በተሠራው ስስ የደረቀ ወረቀት፣ ቶሎ ይደርሳል ሲሉኝ ሞከርኩት። ግማሹ ተቀደደ፣ ግማሹ ሳህኑ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ ሽሪምፑም ላስቲክ ሆነ። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መቀደዱም መጣበቁም የመጡት ከአንድ ነገር ነው፤ ከውሃ። ራይስ ፔፐር እንፋሎት ላይ ሲሠራ ሁለት ጊዜ ውሃ ይጠጣል። አንዴ ስትነክሪው፣ አንዴ እንፋሎቱ ሲያገኘው። ብዙ ሰው ግን ሳይበስል እንደሚበላው የሰላጣ ጥቅል ፈጽሞ እስኪለሰልስ ይነክረዋል። ከዚያ እንፋሎቱ ሲጨመርበት ይላላል፣ ይቀደዳል፣ ያገኘው ነገር ላይ ይለጠፋል።

ወረቀቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ ነገሩን ያቀልልሻል። ልጆችሽ የወደዱት ቾንግ ፈን ይባላል፤ ጓንግዡና ሆንግ ኮንግ ውስጥ ሰው በየማለዳው የሚበላው ነው። የሩዝ ዱቄትና ስታርች ቀጠን ተደርጎ ይበጠበጣል፣ ትሪ ወይም ጨርቅ ላይ በስሱ ይፈሳል፣ በአንድ ሁለት ደቂቃ በእንፋሎት ይበስልና ተልጦ ይጠቀለላል። ራይስ ፔፐር ደግሞ የቬትናም ነው፣ ባን ትራንግ ይሉታል። በባህላዊው አሠራር ሊጡ ከሚፈላ ውሃ በላይ በተወጠረ ጨርቅ ላይ በስሱ ፈስሶ በእንፋሎት ይበስልና የቀርከሃ ርብራብ ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ይመታዋል። ወረቀቱ ላይ የምታዪው የሽመና ምልክት የርብራቡ ነው። እንግዲህ የገዛሽው ነገር አንዴ በስሎ የደረቀ ነው ማለት ነው። ያንቺ እንፋሎት ሥራው ወረቀቱን ማለስለስና ሽሪምፑን ማብሰል ብቻ ስለሆነ ረጅም ጊዜ አያስፈልገውም።

ወረቀቱን ለመግዛት እዚያው አካባቢሽ፣ ቨርጂኒያ ፎልስ ቸርች ውስጥ፣ የቬትናሞቹ የገበያ ማዕከል ኤደን ሴንተር አለልሽ። ማሸጊያውን አገላብጠሽ አንብቢ። ሩዝ ቀድሞ የተጻፈበትን ውሰጂ። ታፒዮካ (የካሳቫ ስታርች) የበዛበት ይበልጥ ይለጠጣል፣ ይበልጥም ይጣበቃል።

ሽሪምፑን ግራጫውን፣ ጥሬውን ግዢ። ሮዝ የሆነው ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የተቀቀለ ነው፤ እሱን መልሰሽ እንፋሎት ላይ ካወጣሽው ላስቲክ መሆኑ አይቀርም። ያንቺም ጣጣ ይሄ ይመስለኛል። ማሸጊያው ላይ 26/30 ወይም 31/40 የሚል ቁጥር ታያለሽ፤ በአንድ ፓውንድ ውስጥ ያለው የፍሬ ብዛት ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሽሪምፑ ትልቅ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው። ለዚህ ምግብ ትልልቁን መግዛት በከንቱ ገንዘብ ማውጣት ነው። በረዶ ከሆነ ማታ ፍሪጅ ውስጥ አውርጂው፤ ከቸኮልሽ ከነላስቲኩ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይሟሟል።

ለ8 ጥቅል 250 ግራም የተላጠ ሽሪምፕ ይበቃሻል። ጅራቱን አውጪ። በጀርባው የሚሄደውን ጥቁር መስመር በቢላ ጫፍ ሳቢው፣ አንጀቱ ነው። ከዚያ በቁመቱ ለሁለት ሰንጥቂው፣ ይሄንን አደራ እንዳትዘልይው፤ ሙሉው ሽሪምፕ ሲበስል ይጠቀለልና ወረቀቱን እየገፋ ይቀደዋል፣ የተሰነጠቀው ግን ስስ ስለሆነ ቶሎ ይበስላል፣ በቦታውም ተኝቶ ይቀመጣል። በሶፍት በደንብ አድርቂው። ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ቁንጥር ጨው፣ ትንሽ ነጭ ቁንዶ በርበሬና የተፈቀፈቀ ዝንጅብል ጨምረሽ ለውሺውና 15 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ። ሶዳው ሽሪምፑ እርጥበቱን እንዲይዝና ጥርስ ላይ ቆርጠም እንዲል ያደርገዋል። ከተባለው በላይ ግን አታድርጊ፣ ሳሙና ሳሙና ይላል።

መጠቅለል ከመጀመርሽ በፊት የእንፋሎቱ ውሃ ይፍላ። የምታበስይበትን ሳህን ዘይት ቀቢው፣ በስስት አይሁን። አሁን ወረቀቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሦስት ሰከንድ ያህል ነክረሽ ገና ከረር እንዳለ አውጪው። አልራሰም ብለሽ መልሰሽ እንዳትነክሪው፤ ጠረጴዛው ላይ እያለ ራሱ ይለሰልሳል። ሁለተኛውን እንደዚያው ነክረሽ ደርቢበት። ሁለት ወረቀት ሲደረብ ነው ያ የሬስቶራንቱ ወፈር ያለ ልስላሴ የሚመጣው፤ አንዱ ብቻውን ይሳሳል። ሽሪምፑን ወደ አንቺ በኩል ባለው ጠርዝ አጠገብ በመስመር ደርድሪ፣ የተከተፈ የሽንኩርት ቅጠል ነስንሺበት፣ ጎንና ጎኑን አጥፈሽ ሳትወጥሪ ጠቅልይው።

ሳህኑ ላይ በጥቅልና ጥቅል መካከል የአንድ ጣት ክፍተት ይኑር። ከተነካኩ በኋላ አይላቀቁም። የድስቱን ክዳን በንጹህ ጨርቅ ጠቅልይው፤ አለበለዚያ ክዳኑ ላይ የተጠራቀመው ውሃ ወርዶ ያርሰዋል፣ ስለ ውሃ የተጠነቀቅሽው ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። እንፋሎት ላይ 5 ወይም 6 ደቂቃ በቂው ነው። ሽሪምፑ በወረቀቱ ውስጥ ሮዝ ሆኖ ይታይሻል፣ ብርሃን ማሳለፉንም ያቆማል። ቴርሞሜትር ካለሽ 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ወይ ብለሽ እዪ። አውጪውና ለሁለት ደቂቃ አትንኪው። ትኩስ ሲሆን ሙጫ ነው፣ ትንሽ ሲበርድ ግን ይጠነክርና ከሳህኑ በቀላሉ ይነሳል።

ሶሱ ቀላል ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 3 ውሃ፣ 1 ስኳር፤ ስኳሩ እስኪሟሟ አሙቂውና ከእሳት ካወረድሽ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ዘይት ጠብ አድርጊበት። የሰሊጡ ዘይት ተቆልቶ የተጨመቀው፣ ጠቆር ያለው ይሁን። እኛ የለመድነው ነጣ ያለው ያንን ሽታ አይሰጥም፤ ሰሊጡ የሁመራ እንኳ ቢሆን ካልተቆላ አይሆንም። ሶሱን የምታፈሺው ሊበላ ሲል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። የእንፋሎት ማብሰያ የለኝም። ሽሪምፕም አልበላም። ልጄ ከውጭ ራይስ ፔፐር አምጥታልኝ ነበር፣ ለጾም የሚሆን ነገር ልሠራበት እችላለሁ?

መልስ፦ እማማ፣ ህብስት ጋግረው የሚያውቁ ከሆነ ማብሰያው ከእጅዎ አለ። ሰፊ ድስት ውስጥ ትንሽ ውሃ ያድርጉ፣ የብረት ኩባያ ይድፉበት፣ ሳህኑን በላዩ ያስቀምጡ። ውሃው ሳህኑን እንዳይነካው ብቻ ነው። ደቂቃው ላይ ግን ከላይ ካልኩት ይጨምሩ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ እንፋሎቱም የዚያኑ ያህል ቀዝቀዝ ይላል። ሽሪምፕ የሚሠራ ሰው እርስዎ ዘንድ 7 ወይም 8 ደቂቃ ይስጠው።

ለጾም እንጉዳይ በጣም ያምርበታል። ዋናው ነገር ውሃውን ማጥፋት ነው። እንጉዳይ ውስጡ ውሃ ብቻ ነው፣ ጥሬውን ከጠቀለሉት ወረቀቱን ከውስጥ ያቀልጠዋል። በደቃቁ ከትፈው በትንሽ ዘይትና በነጭ ሽንኩርት መጥበሻው ደረቅ እስኪል ይጥበሱት። በቀጭኑ የተከተፈ ካሮትና ጥቅል ጎመን ይጨምሩ፣ ጨውና ዝንጅብል ያድርጉበት፣ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይጠቅልሉት። ሁሉም ስለበሰለ እንፋሎት ላይ 4 ደቂቃ ይበቃዋል። አንድ ነገር ልጠቁምዎ፤ ኦይስተር ሶስ የሚባለው ከባሕር እንስሳ የሚሠራ ነው፣ የጾም አይደለም። ሶይ ሶስ ግን ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነኝ፣ እዚህ ሩቢያን (ሽሪምፕ) በየገበያው ሞልቷል። ዓርብ ጓደኞቼን ልጋብዝ አስቤ ነበር፤ ከዋዜማው ጠቅልዬ ባሳድረውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ተጠቅልሎ ማደሩን ተወው። ጥሬው ጥቅል ሲያድር የሽሪምፑን እርጥበት ይጠጣና ይቀደዳል። የበሰለውም ፍሪጅ ውስጥ ይደርቃል፣ ምክንያቱም የሩዝ ስታርች ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። የተረፈ ካለ እንፋሎት ላይ ሁለት ሦስት ደቂቃ መልሰው፣ ልስላሴው ይመለሳል። በሁለት ቀን ውስጥ ግን አልቆ ይደር። ማሳደር የምትችለው ሶሱን ነው። ሽሪምፑንም ሰንጥቀህ አድርቀህ ፍሪጅ አስገባው፣ ሶዳውንና ቅመሙን ጠዋት ትጨምራለህ። እንግዶቹ ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ ሳህን ውሃ አድርግና አብረው ይጠቅልሉ፤ አንድ ዙር ሲበስል ሌላው ይደርሳል።

ከመጋበዝህ በፊት ግን ሽሪምፕ የማይስማማው ሰው እንዳለ ጠይቅ። የሽሪምፕ አለርጂ ከባድ ነው፣ መብሰሉም አያጠፋውም። እንዲህ ያለ ሰው ካለ የእንጉዳዩን በሌላ ድስት፣ በሌላ ሳህን ሥራለት፤ በአንድ እንፋሎት አታብስላቸው። ስንዴ የማይበላ እንግዳ ካለህም ራይስ ፔፐሩ ሩዝና ታፒዮካ ብቻ መሆኑን ማሸጊያው ላይ አይተህ አረጋግጥ፣ በተለመደው ሶይ ሶስ ፋንታ ደግሞ ያለ ስንዴ የተሠራውን፣ ታማሪ የሚባለውን ሶይ ሶስ ግዛለት።