ከግራናዳ ወጣ ብሎ ለግማሽ ቀን የእግር ጉዞ፦ ሎስ ካኦሮስ ሂዱ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከፍራንክፈርት ተነስታችሁ ስፔን፣ ግራናዳ ሦስት ቀን ትቆያላችሁ። የጥንቱን ቤተ መንግሥት የአልሃምብራን ቲኬት ቆርጣችኋል። መኪና አትከራዩም። አብረውሽ የዘጠኝ ዓመት ልጅሽና ከአዲስ አበባ ሊጠይቁሽ የመጡት እናትሽ አሉ። «አንዱን ጠዋት ተራራ ላይ ማሳለፍ እንፈልጋለን፤ ሴራ ኔቫዳ ላይ እንውጣ ወይስ ቀለል ያለ መንገድ አለ?» ብለሻል።

እኔ ግራናዳ ለትምህርት ኖሬያለሁ። መልሴ አንድ ነው፦ ሎስ ካኦሮስ የሚባለው ሸለቆ ሂዱ።

ከፍታውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሙላሴን የሚባለው የሴራ ኔቫዳ ሰንሰለት ትልቁ ተራራ ከ3,400 ሜትር በላይ ነው፤ ልጅና እናት ይዘሽ በግማሽ ቀን የምትሞክሪው አይደለም። 2,100 ሜትር ላይ ያለው የበረዶ መንሸራተቻ መንደር ድረስ በአውቶቡስ መውጣት ይቻላል። እውነቱን ልንገርሽና በረዶ በሌለበት ወቅት ለእግረኛ ያን ያህል የሚያጓጓ ሆኖ አላገኘሁትም። ሆቴልና የመኪና ማቆሚያ ይበዛበታል።

ሎስ ካኦሮስ ግን ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ፣ ሞናቺል ከሚባል መንደር በላይ ያለ ጠባብ ሸለቆ ነው። መንደሩ ከግራናዳ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከመሃል ከተማ አውቶቡስ አለ። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ፦ ባሪዮ ዴ ሞናቺል የሚባል ሌላ ሰፈር መንገድ ላይ ታገኛላችሁ፤ ስሙን ሰምታችሁ እዚያ እንዳትወርዱ። እናንተ የምትፈልጉት ከፍ ብሎ ተራራው ሥር ያለውን የድሮውን መንደር ነው። ሾፌሩን «ሞናቺል ፑዌብሎ» በይው። እሑድ የአውቶቡሱ ቁጥር ስለሚቀንስ የመመለሻውን ሰዓት ቀድመሽ እዪ።

ከመንደሩ አደባባይ ወንዙን ይዛችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። የመጀመሪያው ክፍል ዳገት አለው፤ ግን በሰፊ መንገድ ነው፣ እያረፉ ይወጣል። ከፍታው ለእናትሽ አያስጨንቅ። መንደሩ 800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ የኖረ ሳንባ እዚያ ጭራሽ አይቸገርም። የሚያስቸግረው ጉልበት እንጂ ትንፋሽ አይደለም።

ከዚያ ተንጠልጣይ ድልድዮቹ ይጀምራሉ። ረጅሙ 63 ሜትር ነው። ወለሉ እንጨት ነው፣ ግራና ቀኙ የብረት ገመድ ነው፣ ወንዙ ከሥር ይታያል። ሰው ሲረግጠው ይወዛወዛል። በአንድ ጊዜ ስንት ሰው መግባት እንደሚችል መግቢያው ላይ ተጽፏል፤ እባክሽ ሌላው ሰው ቢጥስም አንቺ አክብሪው። ልጅሽን ከፊትሽ አስቀድሚው፣ ገመዱን በሁለት እጁ ይያዝ፣ መሃል ላይ እንዳይዘል ንገሪው። ልጆች ይሄን ድልድይ ሲወዱት አይጣል ነው! ተመልሰው ካልተሻገርን ይላሉ።

ከድልድዩ በኋላ ሸለቆው ይጠባል። ለእኔ የጉዞው ልብ ይሄ ነው። ግራና ቀኝ ግድግዳ የሚመስል ቋጥኝ ቆሟል፤ ቀና ስትይ ገመድ ታጥቀው የሚወጡ ሰዎች ታያለሽ፤ ቦታው በዓለት ወጪዎች ዘንድ የታወቀ ነው። መንገዱ ወንዙን ተጠግቶ በአንድ ሰው ልክ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ዓለቱ ወደ መንገዱ ተደፍቶ ስለሚወጣ አንድም ጎንበስ፣ አንድም ቁጢጥ ብሎ ማለፍ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ ወደ ወንዙ ዘንበል እያልሽ ታልፊያለሽ፤ ለዚህ ብለው ዓለቱ ውስጥ የብረት መያዣ ተክለዋል። ብረቱ ከብዙ እጅ የተነሳ ለስልሷል፤ ጠዋት ጠዋት ስትይዢው ይቀዘቅዛል። የጀርባ ቦርሳሽ ትልቅ ከሆነ እዚህ ጋ ዓለቱ ይይዘዋል፤ አውርደሽ በእጅ ያዢው ወይም ከመጀመሪያው ትንሽ ቦርሳ ይዘሽ ሂጂ።

ስለዚህ እናትሽን በተመለከተ አስተያየቴ ይሄ ነው። ዳገቱን ከቻሉ እስከ ረጅሙ ድልድይ ድረስ ይምጡ፤ ቢፈልጉ ይሻገሩት፤ እይታው ብቻውን ይበቃል። ጠባቡን ክፍል ግን ወገብና ጉልበት የሚያማቸው ከሆነ አይሞክሩት። ጎንበስ ብሎ መሄዱ ለወጣትም ቀላል አይደለም፤ ከፊት ለፊት የሚመጣ ሰው ካጋጠመ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ አለ። ሌላ አዋቂ ሰው አብሯችሁ ካለ አንዳችሁ ከእሳቸው ጋር ቁጭ በሉ፣ ሌላው ልጁን ይዞ ይግባ፣ ከዚያ ተቀያየሩ፤ ከሌለ ከድልድዩ አብራችሁ ተመለሱ። ብቻቸውን አትተዋቸው፤ ቋንቋውን አያውቁትም፣ ስልክም ሸለቆው ውስጥ አይተማመኑበትም።

ጠባቡን ክፍል ስትጨርሱ ሸለቆው ይከፈታል፤ ማሳና ዛፍ ይመጣል፤ ተራራውም ጥርት ብሎ ይታያል። ከፈለጋችሁ በዚያው መንገድ ተመለሱ። ዙሩን በኮረብታው በኩል ማድረግም ይቻላል፣ በአጠቃላይ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከሦስት ሰዓት ያላነሰ ያዢለት። ከልጅ ጋር ከሆነ እኔ በመጡበት መመለሱን እመርጣለሁ። የኮረብታው መንገድ ጥላ የለውም፤ ልጁም ድልድዩን ሁለቴ ያገኛል።

ይሄን ቦታ ከሌላው አስበልጬ የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለኝ። አልሃምብራ ስትገቡ በየግቢው የሚፈሰውን ውሃ ታያላችሁ። ግራናዳ ስፔን ውስጥ የመጨረሻው የሙስሊም መንግሥት መቀመጫ ነበረች፤ እስከ 1492 እ.ኤ.አ.። ያ ሁሉ አትክልትና ፏፏቴ ከተራራ በተጠለፈ ውሃ ነው የኖረው። የአልሃምብራ ውሃ ከዳሮ ወንዝ ነው፤ ሞናቺል ሌላ ወንዝ ነው። ግን ዘዴው አንድ ነው፦ የተራራውን ውሃ በቦይ መርቶ ወደሚፈለግበት ማድረስ። በዚያ ዘመን ከተቆፈሩት የመስኖ ቦዮች መካከል በሴራ ኔቫዳ ዙሪያ ዛሬም ውሃ የሚሄድባቸው አሉ። የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከገበሬዎችና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር የተደፈኑትን እየጠረጉ ውሃ መልሰውባቸዋል። እግራችሁ ሥር የሚሮጠው የሞናቺል ውሃ ሄኒል ወንዝ ይገባል፣ ሄኒል ጓዳልኪቪርን ይቀላቀላል፣ ያ ደግሞ ሴቪያን አቋርጦ ውቅያኖስ ይገባል። ለልጅሽ ይሄን እዚያው ውሃው ዳር ንገሪው፣ አይረሳውም።

አልሃምብራ በምትገቡበት ቀን ግን ይሄን ጉዞ አታድርጉ። እዚያ ውስጥ ያሉት የናስሪድ ቤተ መንግሥቶች መግቢያ በሰዓት ነው፤ ካለፈ አለፈ። አውቶቡስ ቢዘገይ ቲኬታችሁ ይቃጠላል። የሁላችሁንም ፓስፖርት መያዝም አትርሺ፣ በር ላይ ይጠይቃሉ።

ጫማ ስኒከር ይበቃል፤ ሶሉ ያላለቀ ይሁን እንጂ። ነጠላ ጫማ አይሆንም። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ሙቀቱ ብዙ ቀን ከ35 ዲግሪ ይበልጣል፤ በጠዋቱ ውጡና እኩለ ቀን ሳይደርስ ጨርሱ። በአውሮፓ የብርድ ወራት ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ፀሐይ ስለማይገባ ጃኬት ያስፈልጋል። ቅዳሜና እሑድ ድልድዩ ላይ ሰልፍ አለ፤ ከቻላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ።

ስትወርዱ ምሳ መብላታችሁ አይቀርም። በግራናዳ አካባቢ መጠጥ ስታዙ ብዙ ቤት ትንሽ ምግብ ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። ችግሩ የአሳማ ሥጋ በየምግቡ መግባቱ ነው፤ ባቄላው ላይ ሳይቀር። እናትሽ እንዳይቸገሩ አስተናጋጁን ቀድመሽ «ሲን ሴርዶ፣ ሲን ሃሞን» (ያለ አሳማ ሥጋ፣ ያለ ሃም) በይው። ጾም ከሆነ በሸንኮራ አገዳ ሽሮፕ የሚቀርበውን ጥብስ ደበርጃን ጠይቂ፣ ግን ሊጡ ውስጥ እንቁላል ወይም ወተት እንደሌለው አረጋግጪ።

ዝናብ ከጣለ ወደ ጠባቡ ክፍል አትግቡ፤ ዓለቱ ያንሸራትታል፣ ወንዙም ይሞላል። እንደዚያ ከሆነ ሰማዩ ሲገለጥ ከአልሃምብራ ሥር ፓሴዮ ዴ ሎስ ትሪስቴስ ከሚባለው ጎዳና ተነስታችሁ ወደ አቬያኖ ምንጭ የሚወስደውን መንገድ ያዙ። አጭር ነው፣ ዳሮን ቁልቁል እያየ ይሄዳል፣ ለእናትሽም ይመቻል። የምትሄዱበትን ወር ከነገርሽኝ ደግሞ ስንት ሰዓት ብትነሱ እንደሚሻል እጽፍልሻለሁ።