የሰውየው የክርስትና ስም

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት ጠጋ ብሎ ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ አንድ ሰው በውሸት ከሥራ አስባረረኝ። ይቅር ልለው አልቻልኩም። ጸሎቴ ግን አልቀዘቀዘም፤ እንዲያውም እንደ ዘንድሮ ሰግጄ አላውቅም። ይሰማልኛል?» ሰው እየገፋን ይወጣል። «እናወራለን» ብዬው ሄድኩ። ምሳዬን ግን በቅጡ አልበላሁም።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ አገር የሚያውቀው መልስ አለ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። አይሰማም ማለት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ተቃራኒው ነው። ቢሰማስ?

ስለ ጸሎት ሰዓት፣ ስለ ውዳሴ ማርያም፣ የንስሐ አባት ስለ መያዝ አልነግራችሁም። በዚህ አትታሙም። እኛ በእናንተ ዕድሜ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው ማን አየኝ እያልን ነበር። እናንተ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ በጠራራ ፀሐይ ታክሲ ትሳፈራላችሁ። ደስ ይለኛል። ስግደትን እየቀረጹ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ግን ምን የሚሉት እንደሆነ አንድ ቀን ታስረዱኛላችሁ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ድንገት ቆጠራ መጣና ካዝናው ውስጥ ገንዘብ ጎደለ። ገንዘብ ያዡ ተጠየቀ። «እሱ በቃል አዞኝ ነው የከፈልኩት» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። አላዘዝኩትም። አለማዘዜን የሚያሳይ ወረቀት ደግሞ ከየት ይመጣል? ከሥራና ከደመወዝ ታገድኩ። ባለቤቴ ያን ጊዜ ስታነሣ ዛሬም የምታወራው ስለ ሽሮ ብቻ ነው።

አምርሬ መጸለይ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሌሊት ተነሥቼ ዳዊት እደግማለሁ። ጉልበቴ እስኪላጥ እሰግዳለሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ጸልዬ አላውቅም። እንባው፣ ላቡ፣ ሁሉም ነበረው። የምደግመው ግን የትኛውን ነበር? መዝሙር 34ን፤ «አቤቱ፣ የሚበድሉኝን በድላቸው» የሚለውን። በጣም ሲመረኝ ደግሞ 108ን፤ በሌላው አቆጣጠር 109 የሚባለውን። የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እዚያ ውስጥ የሚረገመው ሰውየው ብቻ አይደለም። ልጆቹም ድሀ አደግ ይሁኑ፣ የሚራራላቸው አይኑር ይላል። የገንዘብ ያዡ ሚስት ያኔ አራስ ነበረች። ይህን እያወቅኩ ነው የምደግመው።

ከወራት በኋላ ቫውቸሩ ተገኘ። በሌላ ዓመት ቦክስ ፋይል ውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ሕጋዊ ክፍያ ነው፤ የፈረመበትም ከእኔ በላይ ያለ ኃላፊ። ማንም አልሰረቀም። ሰውየው ፈርቶ ነው። በዚያ ዘመን የካዝና ጉድለት ሰውን የት እንደሚያደርስ ስለሚያውቅ አጠገቡ ያገኘውን ሰው ጠቆመ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ፤ ውዝፍ ደመወዜም ተከፈለኝ።

ሽማግሌ ላከ። ይቅር አልኩት። ጉልበቴን ሊስም ሲል አነሣሁት፣ ተሳሳምን፣ ቡና ተፈላ። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በአንድ ኮሪደር ስንተላለፍ ከእግዜር ሰላምታ በቀር ቃል አልተለዋወጥንም። ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። በቅዳሴ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ፣ ሲል በቀኝ በግራ ላሉት ሁሉ ራሴን ዝቅ አድርጌ እጅ እነሣለሁ። ምን ችግር አለው፤ ሰውየው የሚያስቀድሰው ሌላ ደብር ነው።

ዓመታት አለፉ። እኔም መሥሪያ ቤት ቀየርኩ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የቅጥር ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ለቃል ፈተና ተቀምጫለሁ። አንዲት ልጅ ገባች። ዶሴዋ ላይ የአባቷን ስም አየሁ። ቀና ስል ግንባሯ የእሱ ግንባር ነው። ያቺ አራስ ልጅ መሆኗ ነው። የጠየቅናትን መለሰች። ትንሽ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ነጥቧን ጻፍኩ፤ የሌሎቹም አባላት ጻፉ። በጥቂት ነጥብ ሌላ ሰው በለጣት።

አውቄ አጎደልኩባት? እንዲህ ነው ብዬ መማል አልችልም። አላጎደልኩባትም ብዬም አልምልም። መዝገቡ ንጹሕ ነው። እኔ ራሴ ኦዲተር ሆኜ ብሄድበት ስህተት አላገኝበትም። ማታ ዳዊቴን ስገልጥ ግን ያ ያረጀ ገጽ፣ በላቤ የወየበው፣ ራሱን ከፍቶ ጠበቀኝ። የሚራራላቸው አይኑር። ለምኜ ነበር እኮ።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ብዙ ስግደት ይሰጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ስግደት ለምጄዋለሁ። እሳቸው ግን «ስሙን እየጠራህ ጸልይለት፤ ለልጁም» አሉኝ። ጉዱ እዚህ ላይ መጣ። በጸሎት የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። የሰውየውን ደግሞ አላውቀውም። ይህን ሁሉ ዘመን ስረግመው በመሥሪያ ቤት ስሙ ነበር።

ስልክ ቁጥሩን አፈላልጌ ደወልኩ። ሰላምታው እንኳ ጥሩ ነበር። «የክርስትና ስምህን ፈልጌ ነበር» ስለው ዝም አለ። ቆይቶ «ለምን ፈለግከው? መተት ልታሠራብኝ ነው?» አለኝ። አልፈርድበትም። የክርስትና ስም ለጠላት አይሰጥም ተብሎ ያደገ ሰው ነው፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። «ልጸልይልህ ነው» ስለው ባሰበት። ስልኩን ዘጋው።

ለአባ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «እግዚአብሔር ስሙን ያውቀዋል፤ አንተ በምታውቀው ጥራው» አሉኝ።

ጠራሁት። ግለት የሚባል ነገር አልነበረውም። ያ የድሮው እንባ የለም፤ ስሙን ስጠራ ጥርሴ ይነክሳል። አንዳንድ ማታ የእሱን ስም ለማምለጥ እንቅልፍ እንደ መጣብኝ አስመስያለሁ። ቆይቶ አንድ የድሮ ባልደረባ ሰውየው ስኳር እንደ ያዘው፣ እግሩም እንደሚያመው ነገረኝ። ደነገጥኩ። ከልቤ ነው የደነገጥኩት። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ነው የገረመኝ።

ልጄ፣ አንተ የጠየቅከኝ ስለ ጋለ ጸሎት ነው። በእኔ ግምት ግለት አልጎደለህም። ቂም ራሱ ጥሩ ማገዶ ነው፤ ሌሊት ያስነሣል፣ ያሰግዳል። ኢዮብን ተመልከት። ወዳጆቹ ባልሠራው በደል ሲከሱት የከረሙ ናቸው። 42ኛው ምዕራፍ ላይ ግን እግዚአብሔር ምርኮውን የመለሰለት ለእነዚያ ወዳጆቹ በጸለየ ጊዜ ነው ይላል።

ይህን ስልህ የተደረገብህን አቅልዬ አይደለም። የሒሳብ ሰው ነኝና ማቴዎስ 18ን፣ ንጉሡ ዕዳውን የተወለት ባሪያ ባልንጀራውን ግን በዕዳ የያዘበትን ምሳሌ፣ አስልቼዋለሁ። ዲናር የአንድ ቀን ደመወዝ ነበር። ባልንጀራው የነበረበት መቶ ዲናር ከሦስት ወር ደመወዝ በላይ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም! ባሪያው ራሱ ለንጉሡ የነበረበት እልፍ (10,000) መክሊት ግን፣ አንዱ መክሊት በ6,000 ዲናር ቢታሰብ፣ 60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ነው። ሰው ከ160 ሺህ ዓመት በላይ ሠርቶ የሚከፍለው። ጌታ የትንሹን ዕዳ ትንሽ ነው አላለም። ከምን አጠገብ እንደ ተቀመጠ ነው ያሳየው።

እናንተ ዘንድ ደግሞ አዲስ ነገር አለ። የበደለ ሰው «ቶክሲክ» ይባላል፤ ብሎክ ይደረጋል፤ አለቀ። ፈሪነት ይመስለኛል። ቆይ፣ እኔስ በኮሪደር ያደረግኩት ምን ነበር? ያለ ስልክ ብሎክ ማድረግ አይደል? እናንተ ቢያንስ ቡና አፍልታችሁ አታስመስሉም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ይቅር በሉ ሲባል የካዝናውን ቁልፍ መልሱለት ማለት አይደለም። የሚደበድባትን ባል ይቅር ያለች ሴትም እዚያው ቤት ተመልሳ ትግባ ማለት አይደለም። እንዲህ ብለው የሚመክሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ አትስሟቸው።

ለልጅቷ ነግረሃታል ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ «አንተ ለማራገፍ ብለህ እሷን አታሸክማት» ብለውኝ ነበር፤ ልክ ናቸው ብዬ ኖሬያለሁ። ይህን ስጽፍ ግን ማቴዎስ 5 ጎተተኝ። መባህን ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች እንዳለው ብታስብ፣ መባህን እዚያው ትተህ ሂድ ይላል። እሷ በእኔ ላይ ምንም አታውቅብኝም። የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ታዲያ ይህ ከዚያ ቃል ውጭ ነው? ከፋሲካ በኋላ አባ ዘንድ ሄጄ እንደገና እጠይቃቸዋለሁ።