ልጆቹ ካምፕ ሲመጡ ወላጆቻቸው ያውቃሉ?

ጥያቄ፦ ጸጋና ሰላም ይብዛልዎት መምህር። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን የሕፃናት ክፍል አገለግላለሁ። በመጪው ነሐሴ መጀመሪያ ከውጭ አገር የሚመጡ ወንድሞችና እህቶች ለአሥር ቀን የልጆች ካምፕ ያካሂዳሉ። እኔም አስተርጓሚ እንድሆን ተጠይቄአለሁ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ሁለት ነገር ከብዶኛል። አንደኛ፣ በአሥር ቀን ምን ይሠራል? ሁለተኛ፣ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸው ጨዋታ ነው ብለው ይልኳቸዋል። በመጨረሻው ቀን ግን «ጌታን የተቀበላችሁ እጃችሁን አንሡ» ይባላል። ይህ ልክ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጌታ ይባርክሽ። ከሁለተኛው ልጀምር፤ እሱ ካልተፈታ ስለ አሥሩ ቀን ማውራቱ ዋጋ የለውም።

ማርቆስ 10ን ክፈቺ። «ሕፃናት ወደ እኔ ይመጡ ዘንድ ተዉ» የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ከፍ ብሎ ያለውን ቁጥር ግን እንዘለዋለን። ሕፃናቱን ሰዎች ናቸው ያመጧቸው፤ ጌታም የባረካቸው በእነዚያው ሰዎች ፊት ነው። ጢሞቴዎስም እምነቱን ያገኘው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ቤት ነው። ልጅ ባለቤት አለው። እናቱ ጨዋታ መስሏት የላከችውን ልጅ ሃይማኖት አስለውጦ መመለስ ማታለል ነው። ወንጌል በማታለል አይሰበክም።

የአገራችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27ም ወላጆች ልጆቻቸውን በራሳቸው እምነት መሠረት የማሳደግ መብት ሰጥቷቸዋል። እኛም ልጆቻችንን የምናሳድገው በዚሁ አንቀጽ ጥላ ሥር ነው። የአንቺ ልጅ ሳታውቂ ሌላ ቦታ ተወስዶ እጅህን አንሣ ቢባል ምን ይሰማሻል? እነዚህ እናቶች ጎረቤቶቻችን ናቸው። አብረን ቡና እንጠጣለን፣ አብረን ለቅሶ እንደርሳለን።

ስለ እጅ ማንሣቱ ደግሞ እንነጋገር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ላጫወተው፣ እርሳስና ኳስ ለሰጠው ሰው እጁን ያነሣል። ደስ እንዲለው ብሎ ነው የሚያነሣው። ልጆች አያምኑም ማለቴ አይደለም፤ ያምናሉ፣ አንዳንዴም ከእኛ በላይ። ግን ያንን ቆጥሮ «ይህን ያህል ነፍስ ዳነ» ብሎ ሪፖርት መላክ ከእግዚአብሔር ፊት የሚያስፈራ ነገር ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ አንቺ ባትጠይቂም ነሐሴ ስላልሽ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። እንግዶቹ በዚያን ጊዜ የሚመጡት የእነሱ ትምህርት ቤት ዕረፍት ስለሚሆን ነው፤ ክፋት የለበትም። በእኛ አካባቢ ግን ሌላውን ጾም የማይጾም ልጅ እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። ቅዳሴ እስኪወጣ አፉን አይከፍትም። ካምፑ ደግሞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የወተት ብስኩትና የተቀቀለ እንቁላል ያድላል። በእንዲህ ያለ ቦታ አንዲት ልጅ አይቻለሁ። የተሰጣትን ብስኩት መብላት አልቻለችም። እንዳትመልሰው ደግሞ የሰጣት ሰው ፈገግ ብሎ ከፊቷ ቆሟል። ዞር ሲልላት ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸጎጠችው። ከዚያ በኋላ መዝሙሩን አልዘመረችም፤ እጅጌዋን ጨብጣ ተቀመጠች። ሮሜ 14 ስለዚህ ነው የተጻፈው። ጳውሎስ ስለ መብል ብለህ ወንድምህን አታሳዝን ይላል። ስለዚህ ቀኑ ወደ ሐምሌ አጋማሽ ይምጣ። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ረቡዕና ዓርብን ብቻ መጠንቀቅ ነው። ካልተቻለ ምግቡ የጾም ይሁን፣ ሰዓቱም ከቅዳሴ በኋላ።

ወደ አሥሩ ቀን ልምጣ። ማጠሩ በራሱ ኃጢአት አይደለም። የሐዋርያት ሥራ 17 ጳውሎስ በተሰሎንቄ ምኩራብ ሦስት ሰንበት እንደተነጋገረ ይነግረናል። ግን ሄዶ አልረሳቸውም። ጢሞቴዎስን ላከላቸው፣ ደብዳቤ ጻፈላቸው። የሸዋው ንጉሥ የሣህለ ሥላሴ መቀመጫ የነበረችው አንኮበር ለእናንተ ቅርብ ናት። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ዮሐን ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1839 ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ደረሰ። ቋንቋ አጠና፣ ጥቂት ወጣቶች አስተማረ፣ መጻሕፍት አደለ። በ1842 ወጥቶ ሊመለስ ሲል ግን ተከለከለ። ሦስት ዓመት ገደማ የተቀመጠ ሰው እንኳ በሩ በአንድ ቀን ተዘጋበት። አሥር ቀን የሚቀመጥ እንግዳማ የሚሠራው ሁሉ በሚቀሩት ሰዎች እጅ ካልሆነ ምን ይተርፋል?

ስለዚህ ሥራው የእናንተ ይሁን፤ እንግዶቹ ያግዙ። ጠዋት ልጆቹን የምታስተምሩት እናንተ ሁኑ። እነሱ ከሰዓት በኋላ ለአስተማሪዎቻችሁ ጨዋታውን፣ የእጅ ሥራውን፣ የትምህርት አዘገጃጀቱን ያሳዩ። ያኔ በመስከረምም በጥቅምትም የሚቀጥል ነገር ይኖራችኋል።

አስተርጓሚ ሆነሽ ብትቆሚም፣ ልጆቹ የሚሰሙት የአንቺን ድምፅ ነው። ነገ መንገድ ላይ የሚያገኙትም አንቺን ነው። ትምህርቱን ከአንድ ወር በፊት አስልኪና አንብቢው። የማይሆን ምሳሌ ካለ ቀይሪው። የማታምኚበትን ዓረፍተ ነገር በአፍሽ አታውጪ፤ ይህንንም ቀድመሽ ንገሪያቸው እንጂ መድረክ ላይ አታሳፍሪያቸው።

ካምፑ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ልጆችን የሚጨምር ከሆነ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። ቤቱንና ሰፈሩን ያጣ ልጅ ሰው ቶሎ ይለምዳል። «እንገናኛለን» ሲባል ቀን ይቆጥራል። እመለሳለሁ፣ እልክልሃለሁ፣ አስተምርሃለሁ የሚል ቃል ማንም እንዳይሰጥ። ሌላው ግልጽ ነው፤ ማንም ትልቅ ሰው ከልጅ ጋር ብቻውን ክፍል ውስጥ አይሁን፣ ወላጅ ያልፈቀደው ፎቶ አይነሣ፣ ፌስቡክ ላይም አይለጠፍ።

በዚህ ሳምንት ሽማግሌዎቹን አነጋግሪ። ወረቀት ማስፈረም ብቻውን አይበቃም፤ ማንበብ የማይችሉ ወላጆች አሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ቤት ለቤት ሂዱ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታስተምሩ በግልጽ ተናገሩ። እምቢ የሚሉ ይኖራሉ፤ አመስግናችሁ ውጡ። ሁለት መቶ ልጅ ታስቦ ሠላሳ ቢመጣ ሠላሳውን አስተምሩ። እንግዶቹ በቁጥሩ ቅር ካላቸው ምክንያቱን ሽማግሌዎቹ ያስረዷቸው፤ ይህ የአንቺ ሸክም አይደለም። ወላጅ ሳያውቅ ይቀጥል ከተባለ ግን ማስተርጎሙን ተዪው። ሽማግሌዎቹ ከእኔ ጋር መመካከር ከፈለጉ ደስ ይለኛል፤ ስልኬን ስጫቸው።