«ጋሼ፣ ራግቢ እንጀራ ይሆናል?»

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ሻይ እየጠጣሁ አንድ የሰፈራችን ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ ቁጭ አለ። ጠብደል ጠብደል ያሉ ሰዎች ሞላላ ኳስ ይዘው ሲላተሙ አሳየኝና «ጋሼ፣ ራግቢ እንጀራ ይሆናል?» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ስፖርት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ ተማሪ የለም። የዚያን ዕለት መልስ አጣሁ። አሁን ልጻፍልህ።

አዎ፣ ይሆናል። ራግቢ ዩኒየን በሚባለው በዋናው የራግቢ ዓይነት እስከ ፈረንጆቹ 1995 ድረስ ለተጫዋች ደሞዝ መክፈል ክልክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሙያ ሆኗል። ጎረቤታችን ኬንያ በሰባት ሰው በሚጫወቱት ራግቢ በፈረንጆቹ 2016 ሲንጋፖር ላይ ፊጂን 30 ለ 7 አሸንፋ ዋንጫ ወስዳለች። ስለዚህ «ለእኛ አይሆንም» የሚሉህን አትስማ። እኛም እኮ በልጅነታችን ከገና ጨዋታ ቅልጥማችን አብጦ ነበር ቤት የምንገባው። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ማን ይከሰሳል!

በቪዲዮው ላይ አንዱ ወድቆ ሲነሳ እግሩ ተሳሰረበት። አፌን የያዘኝ እሱ ነው። ያን አረማመድ አውቀዋለሁ።

1986 ዓ.ም.፣ አዘዞ። የሰፈር እግር ኳስ ቡድን አሠለጥን ነበር። ተከላካያችን 17 ዓመቱ ነው፤ በሒሳብ የሚደርስበት አልነበረም። በቴስታ ሊያወጣ ዘሎ ከአጥቂው ጋር አናት ለአናት ተጋጨ። ድምፁ እኔ ጋ ድረስ ተሰማ። ሮጬ ገባሁ። ከጀሪካን ውኃ አፈሰስኩበት፣ ሎሚ አሸተትኩት። «አይዞህ የኔ አንበሳ፣ ተነስ!» አልኩት። ተነሳ። «ጋሼ፣ ስንት ለስንት ነን?» አለኝ። «አንድ ለዜሮ እየመራን ነው» አልኩት። ትንሽ ቆይቶ ወደ መስመሩ መጣና «ስንት ለስንት ነን?» አለ። ነገርኩት። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅ ተቀያሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እስከ መጨረሻው አጫወትኩት። አሸነፍን። ስንመለስ መኪና ላይ አስመለሰው፤ «ፀሐይ መቶት ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ራስ ምታቱ አልለቀቀውም። ደብተር ሲገልጥ ፊደሉ ይደባለቅበት ጀመር። በዓመቱ ትምህርቱን ተወ። ዛሬ ትንሽ ሱቅ አለው። ቀትር ላይ ብርሃኑ ስለሚያመው በሩን ገርበብ፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሸጠው። ሳልፍ ብድግ ብሎ ሰላም ይለኛል።

አሁን በትልልቆቹ የራግቢ ውድድሮች ጭንቅላቱን የተመታ ተጫዋች ወጥቶ ሐኪም ያየዋል። ከሚጠየቀው ውስጥ እነዚህ አሉ፦ የት ሜዳ ነን? ስንተኛው አጋማሽ ነው? መጨረሻ ላይ ያስቆጠረው ማን ነው? ይህን ያነበብኩ ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ልጁ «ስንት ለስንት ነን» ሲለኝ መጎዳቱን ሦስት ጊዜ ነግሮኝ ነበር።

እንግሊዛዊው የራግቢ ተጫዋች ስቲቭ ቶምፕሰን በፈረንጆቹ 2003 የዓለም ዋንጫ አንስቷል። ገና በ40ዎቹ ዕድሜው የመርሳት በሽታ ተገኘበት። ያን ዋንጫ ማሸነፉን እንደማያስታውስ ራሱ ተናግሯል።

ስለ ልምምድና ስለ እንቅልፍ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። የዘንድሮ ልጆች ጂም ስትገቡ ጎበዞች ናችሁ፤ «አመመኝ» ማለት ግን ታፍራላችሁ። ያስተማርናችሁ እኛው ነን። ትምህርትህን ደግሞ እንዳትተው። የዌልሱ ጄሚ ሮበርትስ ለአገሩ እየተጫወተ ሕክምና ተምሮ በፈረንጆቹ 2013 ተመርቋል። ቅድም ይሆናል አልኩህ። አሁን ስጽፈው ባትሄድ ደስ ይለኛል። ጎህ ሳይቀድ ወደ ጎሃ ዳገት ስትሮጥ ሳይህ ደግሞ እንዴት ብዬ ልከልክልህ?

ቅዳሜ ጠዋት ና፣ ወደ ሱቁ አብረን እንሂድ። ያን ቀን ምን እንደተሰማው ጠይቀው። እኔ እስካሁን አልጠየቅሁትም።