ባለ 15 ዋት ጊታር አምፕ ለሰርግ አዳራሽ ይበቃል ወይ ላሉት ወንድም

ወንድሜ፣ ከድራም፣ ከቤዝ፣ ከኪቦርድና ከሳክስፎን ጋር ሰርግ ለመሥራት ባለ 15 ዋት ቲዩብ አምፕዎ (አምፖል በሚመስሉ ቱቦዎች የሚሠራው የጊታር ድምፅ ማጉያ) ይበቃ እንደሆነ፣ ወይስ ሸጠው ባለ 100 ዋት መግዛት እንደሚሻልዎ ጠይቀዋል። እባክዎ አይሽጡት። እኔ በዚሁ ዓይነት አምፕ ለዓመታት ሰርግም ክለብም ሠርቼበታለሁ። ከእኔ በፊት የመለሱልዎ ወንድሞች «ድራሙ ይውጠዋል» ማለታቸው ከእውነት የራቀ ባይሆንም፣ መፍትሔው ግን ዋት መጨመር አይደለም።

1. የዋቱ ቁጥር አያስደንግጥዎ። ኃይሉ እጥፍ ሲሆን ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) ብቻ ነው። ጆሯችን «እጥፍ ሆነ» የሚለው ወደ 10 ዲሲቤል ገደማ ሲጨምር ሲሆን፣ ለዚያ ደግሞ ዐሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ ባለ 100 ዋቱ ከእርስዎ ባለ 15 ዋት የሚበልጠው በጆሮ ሲለካ ሁለት እጥፍ እንኳ አይሞላም። ይልቅስ ስፒከርዎ በ1 ዋት ስንት ዲሲቤል እንደሚሰጥ ይመልከቱ፤ 97 የሚለውን አውጥተው 100 የሚለውን ቢያስገቡ አምፑን በእጥፍ ኃይል እንደቀየሩት ይቆጠራል፣ ወጪውም ከአዲስ አምፕ ጋር አይወዳደርም።

2. እኛ የምንጫወተው ሙዚቃ ጥርት ያለ ድምፅ ይፈልጋል። ለሮክ ተጫዋች አምፑ መሻከር ሲጀምር ደስታው ነው፤ በችክችካ ላይ ግን ጊታሩ እንደ ክራር ኖታውን ነጠላ ነጠላ እየለቀመ ስለሚሄድ፣ ሲሻክር የጣት ሥራው ሁሉ ይደበዝዛል። ድራመሩን ለማሸነፍ ብለው ቮሊዩሙን እስከ መጨረሻው ቢያዞሩት የሚያገኙት ይህንኑ መሻከር ነው። አምፑን ከመሻከሩ በታች ያቁሙት፤ አዳራሹን መሙላት የትልልቆቹ ስፒከሮች ሥራ ነው።

3. ማይክ። እዚህ ላይ ትንሽ እንድቆይ ይፍቀዱልኝ፤ የተቃጠልኩት በዚህ ነውና። በአንድ ሆቴል አዳራሽ የድምፅ ባለሙያው አምፔን ከላይ እስከ ታች ካየው በኋላ፣ «ይቺ የመኝታ ቤት ናት፤ ጊታርህን በቀጥታ ሚክሰሩ ላይ ሰካው» አለኝ፤ ሚክሰር ማይኩም መሣሪያውም ገብቶ ወደ ትልልቆቹ ስፒከሮች የሚላክበት ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር በቀጥታ ሲገባ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ፤ የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ ወዲያ ያለውን አብዛኛውን የሚያስቀረው ሹል ድምፅ እንዳለ ይወጣና ጆሮ ይበሳል። በትሕትና አንድ ማይክ ብለምነው፣ ከፊት ለፊቴ ሚክሰሩ ላይ ባዶ ቻናሎች (መሰኪያዎች) እየታዩኝ «ቻናል የለም» ብሎኝ ስልኩን ማየት ቀጠለ። ሙሽሮቹ ሊገቡ ስለነበር አምፑን ብቻ ይዤ ተጫወትኩ። የፊተኛው ጠረጴዛ እንደ ምንም ሰማኝ፣ የኋለኛው አልሰማኝም። የሰርጉ ቪዲዮ ሲደርሰን ደግሞ ድምፁ የተወሰደው ከሚክሰሩ ስለነበር ጊታር የሚባል ነገር የለበትም፤ እጄ ሲሮጥ ይታያል፣ የሚሰማው ግን ኪቦርዱ ነው። ለዚህም ወቀሳው የመጣው ወደ እኔና ወደ «ትንሿ አምፕ» ነበር እንጂ ወደዚያ ሰውዬ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ማንንም አልለምንም። ሹር ኤስኤም57 ማይክ፣ አጭር ማቆሚያና ረዥም የማይክ ገመድ የራሴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ቀብድ ሲሰጠኝም «ለጊታር አንድ ቻናል» የሚለውን አብሬ እነጋገራለሁ። ማይኩን ከስፒከሩ ጨርቅ አንድ ሁለት ጣት አርቀው፣ ከመሃሉ ትንሽ ወደ ጎን አድርገው ይትከሉት፤ መሃሉ ላይ ከሆነ ድምፁ ይሾላል፣ ወደ ጠርዙ ከሄደ ይደፈናል። ለድራመሩም ጊታሩን በሞኒተሩ (ተጫዋቾቹ ራሳቸውን በሚሰሙበት ስፒከር) ያስገቡለት፤ ችክችካውን አብራችሁ የምትይዙት በዚያ ነው። ባለ 100 ዋት የያዙ ጓደኞቼ የሆቴሉ አስተናጋጅ «ቀንሱ» እያለ ሲመላለስባቸው አይቻለሁ፤ እኔን እስከዛሬ ማንም ቀንስ ብሎኝ አያውቅም።

የተቀረውን ባጭሩ። አምፑን መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ የቢራ ሳጥን ላይ አውጥተው ወደ ጆሮዎ ያጋድሉት፣ አለዚያ ጉልበትዎ ይሰማዋል እንጂ እርስዎ አይሰሙትም። የአምፑን ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) ይቀንሱ፣ ሚድሉን (መካከለኛውን) ከፍ ያድርጉ፤ የታችኛውን ቦታ ቤዝ ጊታሩና የኪቦርዱ ግራ እጅ ይዘውታል። ሪቨርቡንም (አምፑ የሚጨምረውን ማስተጋባት) ይቀንሱት፤ ሴራሚክ ወለል ያለው አዳራሽ የራሱን አያሳጣዎትም።

የእርስዎም አምፕ እንደ እኔው ሁሉ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው እንደሚሆን እገምታለሁ። ከጀርባው 120 ቮልት ካለ ያለ ትራንስፎርመር የእኛ 220 ላይ እንዳይሰኩት። ትራንስፎርመር ሲገዙም በ15 ዋት አይለኩ፤ ይህ የሚያወጣው ድምፅ ኃይል ነው፣ ከግድግዳ የሚስበው ከዚያ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ከጀርባው የተጻፈውን አንብበው እጥፍ አቅም ያለውን ይውሰዱ። መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ እስኪነሳና እስኪረጋ ድረስ አምፑን ያጥፉት። የሚዘፍኑም ከሆነ አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ሶኬት፣ ምድር መስመር ካለው፣ ይሰኩ፤ አለዚያ ገመዱን ይዘው ከንፈርዎ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪክ ሊይዝዎት ይችላል።

ሥራው ድንኳን ውስጥ ሆኖ ሚክሰሩ ለዘፋኙ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን 15 ዋት አይችለውም። ለዚያን ቀን ትልቅ አምፕ ተውሰው ይሂዱ።