የታሳሪ መዝገቡ የት ነው?

ይህን የምጽፈው ሕግ ለምትማሩና የፖሊስ ልብስ ለመልበስ ለምትዘጋጁ የጎጃም ልጆች ነው። ዕድሜዬን በጥብቅና ሥራ፣ በፍርድ ቤትና በፖሊስ ጣቢያ መካከል ስመላለስ ጨርሻለሁ። ስለ ሰላም ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ መሣሪያ ነው፤ ማን ይፈታል፣ ማን ካምፕ ይገባል። ደግ ጥያቄ ነው። እኔ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። የደኅንነቱን ማኅደር ማን ይከፍተዋል?

ከደጀን እስከ ዳንግላ ያለች እናት ልጇ የት እንዳለ የምታውቀው በስንቁ ነው። ጠዋት እንጀራውን በምሳ ዕቃ፣ ውኃውን በሃይላንድ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ትቆማለች። ስንቁ ከገባ ልጁ አለ። «እዚህ የለም» ተብሎ ከተመለሰ ግን መንከራተቱ ይጀምራል። አንዱ ወደ ሌላው ይልካታል። ማን እንደወሰደው የሚነግራት የለም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም። አንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ሐኪም፣ የሃይማኖት አባትና ጠበቃ እንዲጎበኙት ይፈቅዳል። ግን 48ቱ ሰዓት ከመቼ ይቆጠር? የተያዘበት ሰዓት ካልተጻፈ ዳኛው ምን ያድርግ? መዝገብ መዝገብ የምለው ለዚህ ነው።

ሰሜን አየርላንድን ተመልከቱ። በካቶሊኮችና በፕሮቴስታንቶች መካከል የነበረውን የዓመታት ግጭት ለማቆም የሰላም ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1998 በስቅለት ዓርብ ተፈረመ። በማግስቱ ዓመት እንግሊዛዊው ፖለቲከኛ ክሪስ ፓተን የመሩት ኮሚሽን ስለ ፖሊስ 175 ምክረ ሐሳቦች አቀረበ። የፖሊሱ ስም ተቀየረ። ፖሊሱ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ስለነበር፣ ምልመላውም ለአሥር ዓመት ግማሹ ካቶሊክ፣ ግማሹ ሌላ እንዲሆን ተደረገ። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ የጀመረው የፖሊስ እንባ ጠባቂ ቢሮ ነው። ፖሊስን የሚመረምር፣ ከፖሊስ ውጭ የሆነ ተቋም ተገኘ።

ልጁ የተገደለበት አንድ አባት አቤት አለ። ምርመራው ዓመታት ፈጀ። የቢሮው የመጀመሪያ ኃላፊ ኑአላ ኦሎን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጡት ሪፖርት ጉድ አሰማ። የፖሊሱ የስለላ ክፍል በታጣቂ ቡድን ውስጥ ያሉ መረጃ አቀባዮቹ ሰው ሲገድሉ ይከላከልላቸው ነበር። ጆሮ ጠቢው ጥሩ ወሬ እስካመጣ ድረስ ደሙ ይታለፋል። የሐሰት የምርመራ ቃል ሳይቀር ተጽፏል። ብዙ ሰነድ ጠፍቷል፤ ጭራሹን እንዳይያዝ የተደረገም አለ። ያ ክፍል ወረቀት የፈራው የዋህ ስለሆነ አይደለም።

የመረጃ አቀባይ ስም አደባባይ ይውጣ አላልኩም። ያስገድላል። ግን ቃለ መሐላ የፈጸመ፣ ከአለቆቹ ትእዛዝ የማይቀበል አንድ ሰው ማኅደሩን ማየት አለበት። በእኛ በኩል እንኳ ሽማግሌ ደም ሊያደርቅ ሲቀመጥ በዳዩ በደሉን ካላመነ ነገሩ ወደፊት አይሄድም። መንግሥት ሲሆን ለምን ይቀርለታል?

ፖሊስ ለምትሆኑት፦ አንድ ቀን ስልክ ይደወላል። «ይሄን ልጅ መዝገብ ላይ እንዳታሰፍረው» ትባላላችሁ። «ጌታዬ፣ ትእዛዙን በጽሑፍ ይላኩልኝ» በሉ። የደወለውን ሰው ስምና ሰዓቱን ጻፉ። የድሮ ሰው «በሕግ አምላክ» ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል ይል ነበር፤ ያ አለቃ ላይቆም ይችላል። ቆላ ወረዳ ይወረውራችሁ ይሆናል፣ እድገትም ይቀራል። አልዋሻችሁም። የጻፋችሁት ግን እዚያው ይቆያል።

ጠበቃ ለምትሆኑት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በሰሜን አየርላንድ ዋና ከተማ በቤልፋስት የእንባ ጠባቂው መርማሪዎች ሲደርሱ ብዙዎቹ የስለላ አለቆች ጡረታ ወጥተው ነበር። ቃላችሁን ስጡ ቢባሉ አብዛኞቹ እምቢ አሉ። ሕጉም ጡረተኛን የማስገደድ ሥልጣን ለቢሮው አልሰጠውም። የሰላም ስምምነት ረቂቅ እጃችሁ ከገባ፣ የመግቢያውን ቃላት ዝለሉትና ያችን አንቀጽ ፈልጉ። ጡረታ የወጣ ሰው ይጠራል ወይስ አይጠራም? አንቀጿ ከሌለች ፊርማው ሳይሰፍር ጠይቁ። ከተፈረመ በኋላ ማስገባቱ መከራ ነው።